ወለሉ

ቅዳሜ በባስክ መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣
በባዶ መዳፋችን ኳስ እየመታን ነበር።
ፍየል ቆዳ የለበሰች፣ እንደ ጠጠር የጠነከረች፣
እኔ መታኋት፤ ከግንቡ ነጥራ ከሳልባት ዓይን ሥር አረፈች።

«ምንም አይደል» አለ፤ ሳቀ።
ማታ ሲናፈጥ ግን ቆቡ በአየር ተነፋ፣ ዓይኑ ተደበቀ።

ሐኪሟ ኡሹዌ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ፣
«ይኸውላችሁ» አለች፣ በእርሳሷ ጫፍ ነጥላ፤
«ዓይንም ቤት አለው፤ ዙሪያው ወፍራም አጥንት፣
ወለሉ ግን ስስ ነው፣ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል፣ የወረቀት።
ምት ሲያርፍ ቀድሞ እሱ ይሰበራል፤
እሱ እምቢ ካለማ ዓይን ይፈሳል።»

ከስንጥቁ በታች አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ።
«እንባ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ስብ ነው፤ በቀዳዳው ሾልኮ የወረደ፣
የዓይኑንም ጡንቻ እግረ መንገዱን የወሰደ፤
ሽቅብ ሲያይ ሁሉ መንታ የሚሆንበት፣
ጉንጩም የሰው ጉንጭ የመሰለው፣ በዚህ ምክንያት።»

ሳልባት ቀና ብሎ አየኝ፤ «ሁለት ሆነሃል» አለ፤
«የመታኝ የቱ ነው? እሱን ልማረው፣ ከተቻለ።»

መልስ አጣሁ። ሠላሳ ዓመት ጥንካሬውን ሳይ ኖሬ፣
የእሱ ወለል ሲሰበር ወለል አለልኝ ዛሬ፤
ያተረፈው ስሱ ኖሯል።

«ሦስት ሳምንት እንዳትናፈጥ» ተባለ፤ ወጣን ወደ ደጅ።
እንባዬ ቢመጣ፣ መሐረቤን አውጥቼ
እኔው ተናፈጥኩ፣ በእሱ ፈንታ፣ ስለ ወዳጅ።