ማደሪያ

ጥቅምት ሲጋመስ፣ በቅዳሜ ጠዋት፣
ከቁንዝላ ማዶ መንገዱ ሲያልቅበት
ባጃጁ አወረደን።
ከዚያ ወዲያ በእግር፤
አቀበት የሌላት፣ ቁልቁለት የሌላት፣
የአባቴ ጉልበት የማይለግምባት፣
ግልገል ዓባይን ይዛ ጣና የምትደርስ
ቀጭን መንገድ ናት፣ በውሃው ዳር ዳር።

አንለይ ውዳላትን ትከሻው ላይ ሰቅሏል፤
በሦስት ዓመቷ ከሁላችን በልጣ
የሚመጣው ሁሉ ቀድሞ ለእሷ ይታያል።
ቢያድግልኝ ከፊት ዱላ እየጎተተ
ጭቃው ላይ ትልም ያወጣል፤
አባቴ ከኋላ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣
ዝናብ በሌለበት፣ ፀሐይ ባልከረረበት፣
"ምነው ጃንጥላ?" ስንለው
"ለማንኛውም" ይላል።

ደንገሉ ከሰው ይረዝማል።
ነፋስ ሲመጣበት ሁሉም ባንዴ ጎንበስ፣
ነፋስ ሲያልፍ ደግሞ ቀና ቀስ በቀስ፣
አንዱ ሌላውን በዓይኑ እየጠየቀ፣
ዳይሬክተር ገብቶ እንደ ወጣበት ክፍል።
(መምህር ነኝና ሁሉም ተማሪ ይመስለኛል።)

"እማ፣ ያቺ ወፍ ስሟ ማነው?"
"አላውቅም።"
"ያችስ፣ ዘውድ የደፋችው?"
"አላውቅም ልጄ።"
ሻላን አውቃለሁ፤ አገጩ ሥር ከረጢቱን አንጠልጥሎ
ሸጦ እንደ ጨረሰ ነጋዴ ተዝናንቶ ይንሳፈፋል።
ይብራን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ፣
አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ሳይንስ አለቀብኝ።
እሱ ግን አላዘነብኝ፤
ራሱ ስም አወጣላቸው፦
በአንድ እግሯ የቆመችው "ቅጣት"፣
ጭራዋን የምትነቀንቀው "እሺ እሺ"፣
ዘውዳሟን፣ ትንሽ አሰበና፣ "ሙሽራ"።

ዱካ አገኘን ከዚያ። አራት ጣት፣ የድስት አፍ የሚያህል፣
ውሃ ያቆረ፤ በውስጡ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣
ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆች።
ደንገሉ ውስጥ፣ ቅርብ፣ እንደ ወናፍ
አንድ ነገር ተነፈሰ።
ቆምን።
"ጉማሬ ነው" አለ ታንኳውን ፀሐይ ላይ የሚያደርቅ ሰው፣
ጥሩሰው የሚሉት፣ ቀና እንኳ ሳይል፤
"ቀን የውሃ ነው፣ ማታ የሣር። መንገዱን አትዝጉበት፣
ደግሞ ሳይመሽ ሂዱለት።"

"ወንዙ የት ያልቃል?" አለው ቢያድግልኝ።
በመቅዘፊያው ጠቆመ፣
ቀዩ ውሃ ከግራጫው ጋር ወደሚሟገትበት።
"ማን ይረታል?"
"ክረምት ወንዙ፣ በጋ ሐይቁ፤ ዕርቅ የለም።"

አባቴ ዝም ብሎ ነበር።
ጃንጥላውን ተከለው። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ፣
ከጭቃው ዘገነ፣ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው።
ሰከላ ያለው ማሳው በየክረምቱ
ከዳር ከዳሩ እየተቆረሰ የሄደበት፣
ድንጋይ ደርድሮ፣ እርከን ሠርቶ፣
ጎርፉን ዳኛ ፊት ያቆመ ይመስል
"ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" እያለ
ያሳደገን ሰው፤
ለእሱ ተረት አልነበረም፣ ክስ ነበር።
"ይሄ የኔ ነው" አለ።
ሳቅን። አልሳቀም።
"የጤፍ መሬት ነው፤ እጄ አይስተውም።"

ቢያድግልኝ ዙሪያውን አየ፤ ደንገሉን፣ ዱካውን፣
ነጥቦቹን፣ ጭቃው ላይ የምትለቅመውን "እሺ እሺን"፤
"አባባ፣ ታዲያ ማደሪያው እዚህ ነዋ!"

አባቴ አልመለሰም።
የዘገነውን ጭቃ ቦታው መለሰው፣
ቀስ ብሎ፣ የተኛ ልጅ እንደሚያስቀምጥ፤
እጁን ታጠበ፣ በቀዩ ይሁን በግራጫው አላየሁም።

ግማሽ መንገድ ከተመለስን ወዲያ ጃንጥላው ትዝ አለን።
አንለይ ሊሮጥ ሲል፣ "ተወው" አለ አባቴ፣
"የት ይሄዳል? ማሳዬ ላይ ነው።"
ውዳላት ብቻ፣ ከላይ ሆና፣ ወደ ኋላ ዞራ፣
"ወፍ ቆመችበት" አለች።
"የትኛዋ?"
"ስም የሌላት።"