ባዳ

ረቡዕ ማታ ነው። የካስትሮ ዝናብ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣
እንደ አበዳሪ፤ ዛሬ ባትከፍትለት ነገም ይመለሳል።
እኛ ከሥር፣ በአሮጌው ክፍል፣ ከእንጨት ምድጃው ዳር፣
አራት ሐኪም፣ አንድ መጽሔት፣ አምስት ወንበር።
አምስተኛው የሟቹ የኦሊቫሬስ ነው፣
ከእርጥብ ካፖርት በቀር ማንም የማይደፍረው።

እኔ የደሴት ሰው ነኝ፤ የኪንቻኦ የመጨረሻ ጀልባ
አራት ሰዓት ሲል ይሄዳል፣ ሰው ቢገባ ባይገባ።
ቀኑን ሙሉ ጠላቂ ሳክም ውዬ ነው የመጣሁ፣
ዛጎል ሊለቅም ወርዶ ታምቡሩ የተቀደደ ስንቱን አየሁ።
ኩስቶዲዮ የሚሉት፣ ጥጡን ከጆሮው ሳወጣ፣ ስቆ፦
«ዶክተር፣ አንተ ቀን ትሰፋለህ፤ ባሕሩ ሌሊት ይተረትራል» አለኝና
ሄደ፣ የእርሳስ ቀበቶውን ታጥቆ።

የወሩ ንባብ የሚላራይ ነው። ከእንግሊዝኛው እያነሣች
በስፓኒሽ ታኖረዋለች፤ ቃል ሲያንሳት ጣቷን ታንቋቋለች።
«ቆይ!» ይላል ዶክተር ኤሌውቴሪዮ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።
«መደምደሚያ የሰነፍ ነው። መጀመሪያ ሰንጠረዡን አሳዩኝ።
ስንት ልጅ ጀመረ? ስንቱ ደረሰ? ስንቱ መንገድ ላይ ጠፋ?
እውነቱ አንዳንዴ ከጠፉት ጋር ነው የሚጠፋ።»

ቆጠርን። በእርሳስ፣ በጣት፣ በክርክር።
የቶንሲል ነገር ነበር፤ የማውጣትና የመጠበቅ ነገር።
ቁጥሩ ሲረጋ፣ ውሃው ሲጠራ፣ ታየ ከሥሩ፦
የእኛን ከሚመስሉት ልጆች ብዙዎቹ፣ መቀስ ሳይነካቸው፣
በዳኑ ነበር ውለው ሲያድሩ።

ዝም አልን። እንጨቱ ብቻ ተንጣጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት። የኔርኮን መዘምራን ግማሹ
በእሱ መቀስ ያለፈ ጉሮሮ ነው፤
አይስክሬም የገዛላቸው ከኪሱ።
የዓሣ ገበያው ጯሂ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ደዋይ፣
የፖስተኛው ሁለት ወንዶች ልጆች።
የአንዳቸውንም ስም አልረሳም። እኛም አላነሣንም።

ሚላራይ የመጨረሻውን አንቀጽ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበች፣
ሰው ቤት ገብታ ብርጭቆ የሰበረች ይመስል።
«ድገሚው» አላት።
ደገመችው።
«ድገሚው።»
ተቆጣ ብለን ፊታችንን ወደ ምድጃው መለስን።
በሦስተኛው ነው ያየሁት፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አይደለም፣
ከንፈሯ ላይ ነው።
ይህን ሁሉ ረቡዕ «ሰንጠረዡን አሳዩኝ» ያለን
ማየት ስለሚበልጥ ነው፣
ወይስ መስማት እየራቀው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።
የከተማውን ጆሮ ሁሉ የፈተሸ፣
የእሱን በር ማን ያንኳኳለት?

ሚላራይ ምንም አላለች። ካፖርቶቻችንን አንድ በአንድ አነሣች፣
ወንበሩን፣ ያን ወንበር፣ በቀኙ አስጠግታ ተቀመጠችበት፤
ድምፅዋን ወፍራም፣ ቃሏን ረጋ አድርጋ
ከመጀመሪያው ጀመረች።
አሁን ሰማ።
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ ሳያጠልቀው፦
«የነገ ጠዋቷ ልጅ፣ የፖስተኛው ሦስተኛ፤
እናቷ ዘንድ ደውሉ። እንጠብቃለን።»

ጀልባው ሄደ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ እሱ ከሳጥኑ ውስጥ፣
ማዳመጫ አጥልቆ፣ እንደ ተማሪ ጣቱን አዘጋጅቶ።
ወፍራሙን ድምፅ ሰጠሁት፤ ጣቱ ተነሣ።
መካከለኛውን፤ ዘግየት ብሎ ተነሣ።
ቀጭኑን ሰጠሁት፣ እንደ ጫጩት የሳሳውን።
ጨመርኩለት።
ደግሞ ጨመርኩለት።
ጣቱ ጉልበቱ ላይ፣ ዓይኑ እኔ ላይ፣ ይጠብቃል፣
ገና ያልጀመርኩ መስሎት።

ሲወጣ ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ቁልቁል የወረደውን መስመር
በጥፍሩ ተከተለው፣ የማያውቀው ሰው ውጤት ይመስል።
«የሚመጣው ወር ተራ የኔ ነው» አለ፤
«ስለ መስሚያ መሣሪያ እናነባለን።»
ካፖርቱን ፈለገ፤ ወንበሩ ላይ የለም፣ ሚላራይ ይዛለታለች።
በሩ ላይ ደርሶ፣ ዝናቡ ባርኔጣው ላይ እየፈሰሰ፣ ዞረ፦
«ስንቶቹ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ እንደጣሉት ግን
መጀመሪያ ይቆጠር።»