በአንድ ፊደል

ማታ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ፣
ባልዲና መጥረጊያ ይዤ የምመጣ፣
ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከመስታወት ኋላ ከተማ አለች፤ ሐዴራ ነች፣ ወደፊት ስትታይ።
ሕንፃው ካርቶን ነው፣ ስፖንጅ ነው ዛፉ፤
የሩዝ ፍሬ ያህላሉ ሰዎቹ፣ ተተክለው በየደጃፉ።
አቧራ አያውቃትም፤ በየማታው እወለውላታለሁ፣
ቀን የጠቆመባትን ጣት ሁሉ አሻራውን አጠፋለሁ።

ባለፈው በጨርቄ ጫፍ መንገዱን ስከተል
የኛን ቤት ፈለግሁት፣ ከባሕር ዛፎቹ መሐል፦
ባለ ሦስት ፎቁን፣ አራተኛውን መግቢያ፣
ማዛል ወንበር የምታወጣበትን፣ የወሬያችንን ገበያ።

የለም።

በቦታው ሃያ ሁለት ፎቅ፣ ነጭ፣
እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ።
ሊፍት አለው። አልዋሽም፣ ጉልበቴን አማረው።
ግን ሩዝ ከሚያህሉት ሰዎች አንድ የሚያነክስ የለም፣
በመስኮት ብቅ ብሎ «ልጄ፣ መሽቷል ግባ!» የሚልም የለም።

ስሙ ደግሞ ያምራል፤ «ፒኑይ ቢኑይ» ይሉታል፣
አስለቅቆ መገንባት። በእብራይስጡ ቤት ይመታል።
ታዲያ እኛ የፈራን ሌላ ምን ሆነና፣
ቤት መምታቱን እንጂ!

አንድ ወጣት መጣ፣ ኬክ በግራ፣ ሰነድ በቀኝ፣
በቀትር፣ ጎልማሳው ሥራ ሲሄድ፣ ሽማግሌው ሲገኝ።
ራኢሳን፦ «ቢረሳው ፈርሟል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩ።»
ቢረሳውን፦ «ራኢሳ ፈርማለች፤ ኧረ ጎረቤት አያስቸግሩ!»

ሁለቱ ሃያ ዓመት በደረጃው ሲተላለፉ
የጋራ ቋንቋ የላቸው፣ «ሻሎም» ብቻ ተባብለው ሲያልፉ፣
ያን ለታ እሷ በአየር ላይ በጣቷ ጫረች፣
ዓይኗን አጉልታ ጠየቀች።
እሱ ራሱን ወዘወዘ፦ አልፈረምኩም።
እሷም ወዘወዘች።
ሳቅ በደረጃው ወረደ፤ ቁጣ ከኋላ ተከተለው።

ቢረሳው ፊደል የቆጠረው በስድሳው ነው፣ እዚሁ፣ በጡረተኞች ክበብ፤
ዛሬም የመድኃኒቱን ወረቀት በጣቱ ይዞ ነው የሚያነብ።
ጠራኝና ጻፈ፣ በኬኩ ካርቶን ላይ፦
«ፈረመ። ፈረሰ። የለያቸው አንድ ፊደል ነው፣ እዪ!
ጨርሶ አይነካ አላልኩም፤ ግድግዳው ረጥቧል፣
ሳይረን ሲጮህ መጠለያው ድረስ ጉልበቴ መች ይወርዳል?
ግን ሰን አስቀድሚያት፤ ለመ አንድ እግር ቀጥይላት፤
‹ሰማ› ይሆናል።
ያቺን እግር ነው ያጣናት።»

ስብሰባው ማክሰኞ። ለሰው ሦስት ደቂቃ።
ሁለት መቶ አርባ ገጽ፣ በጠበቃ ቋንቋ።
በሩን ስከፍት ሰብሳቢው አየኝና ፈገግ አለ፣
«ጽዳቱ በኋላ ነው» አለ።
አልፈርድበትም፤ ስምንት ዓመት ያየኝ ከነባልዲዬ።
«ዛሬ ነዋሪ ነኝ» አልኩት፣ ወንበር ስቤ፣ ተደላድዬ።

«መግቢያ አራት፣ ቁጥር አሥራ አንድ።
ለሊፍቱ በወር ስንት ነው? የጡረታ ገንዘብ ይችለዋል?
እስኪሠራ የት ነን? ተከራዩስ ወዴት ይጣላል?
ባሕር ዛፎቹን የቆረጣቸው እርሳስ የማን ነው?
ሲሰመር አልጠራችሁን፤ የጠራችሁን ለፊርማ ነው።»
ሦስት ደቂቃዬ አለቀ፤ ማዛል የሷን ሰጠችኝ፣
ራኢሳም የሷን፤ ሰዓት ያዡ ግራ ገብቶት አየኝ።

ውሳኔው? ተቀጠረ። ለሠላሳ ቀን።
ተርጓሚ ይመጣል አሉ፤ እኛም በጣት መቁጠር ጀመርን።

ስንወጣ ቢረሳው መስታወቱ ጋ ቆመ፣
ጣቱን ነጩ ሕንፃ ላይ ተከለና «እዚህ» አለ፣ ደገመ።

የዚያኑ ማታ ባልዲዬን ይዤ ተመለስኩ፤
ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የሰብሳቢውን ወንበር ጠረግኩ፣
መስታወቱንም፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ከአንዲት አሻራ በስተቀር።