አብሽሪ

ከኋላ ነው ድምጡ፤ ቋ… ቋ… ቋ… ይላል፣
አስፋልት ላይ ያንሳል፣ ኮረኮንች ላይ ይብሳል።
በርበሬ ጭኜበት፣ ሰው ጭኜ፣ ባዶውን፣
ያው ነው ሁልጊዜ፤ አይለውጥም ቃናውን።
ሟቹ ባሌ ቢኖር ጆሮውን አስጠግቶ
«ይቺ ናት» ይል ነበር በጣቱ አመልክቶ።
እኔ እንደሁ የማውቀው ነዳጅና መሪ፣
ሌላው የይመር ነው፣ ቀሪው የፈጣሪ።

የሸዋ በሩ የይመር ጋራዥ ሲወሳ፣
ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አራተኛው ጦሳ።
«ድምጡ ከኋላ ነው» ብዬ ሳልጨርስ
ሞተሩ ውስጥ ገባ እስከ ክንዱ ድረስ።
«ድምጥ ያሞኛል እቴ፣ ከፊት ነው ምንጩ ያለው፤
ወንድ የለም እቤት? ለሱ ነው ማስረዳው።»
«የለም» አልኩት።
«አብሽሪ» አለኝ።

ካንዴላ ቀየረ። ቺንጊያ ቀየረ።
ቴስታውን አወረደ፣ መልሶ አሰረ።
ለጓርኒሲዮን ሲል እቁቤን ተቀበለ፤
አራት ቀን ብሎኝ፣ በዘጠኝ «አለቀ» አለ።
አስነስቼ ወጣሁ። ፒያሳ ላይ፣ ከኋላዬ፣
ከተፍ አለ ቋቋው እንደ አበዳሪዬ።
ጭስም አልነበራት፤ አሁን ግን ታጨሳለች፣
ሲጋራ ተምራ ከይመር ቤት ወጣች።

«ኮምቦልቻ ውረጂ፣ ሙሔ ጋ፣ ቦርከና ዳር፤
እሱ በስልክ ሰምቶ ነው በሽታ የሚናገር።»
የሙሔ እጁ ንጹሕ ነው። ያ ነው ያስፈራኝ።
ግራሶ አልነካውም። «ኩሽኔታ ነው» አለኝ።
«ኦሪጅናሉ ከገበያ ከጠፋ ከረመ፣
እኔ ጋ አንድ ቀርቷል…» ብሎ አልጎመጎመ።
የተጠቀለለበት ጋዜጣ ዘይት ጠጥቷል፤
«አዲስ ነው» ይለኛል፣ ጋዜጣው ግን አርጅቷል።
«አሮጌውን ስጠኝ» ስል፣ «ለምንሽ?» ብሎ ጠየቀ፣
«ትራስ ልታረጊው?» ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።
ጎማውን የሚያስረው አንድ ትንሽ ልጅ ነበረ፤
ኳስ ተጀመረ ሲሉት መፍቻውን ጥሎ በረረ።
እኔም ልብ አላልኩም። ብር ስቆጥር ነበር።
«አብሽሪ» አለ ሙሔ።
መሸ።

ሐረጎ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ
መኪናዬ ሠርግ እንደ ተጠራች ወገቧን ሰበቀች።
በቀኜ ገደል።
ከኋላዬ ባለ ተሳቢ፣ ጥሩንባውን የረሳ ይመስል እጁን የማያነሳበት።
ዳር ያዝኩ። ድንጋይ ፈልጌ ታኮ አደረግኩ።
በስልኬ መብራት አጎንብሼ አየሁ፦
ከአራቱ ዳዶ አንዱ የለም፤
ሦስቱ በጣቴ ይዞራሉ፣ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ክዳን።

ሟቹ አንድ ነገር አስተምሮኛል። አንድ።
ጎማ መፍታትና ማሰር።
ለዛውም ተጣልተን፣ ዝናብ ላይ፣ ቀሚሴን እየረገምኩ።
ምንጣፉን ገልጬ ክሪኩን አወጣሁ፤
መያዣ ላስቲኩ ተበጥሷል፣ ብቻውን ተጋድሟል።
አነሳሁ፣ አጠበቅኩ፣ በእግሬ ቆሜበት ደገምኩ።
ስጨርስ፣ ግራሶው በርበሬዬን እንዳይነካ
ክሪኩን በሻሼ ጠቀለልኩና
ከሁለት ጆንያ መሃል ወተፍኩት።

አንደኛ ማርሽ። ሁለተኛ።
ጉድጓድ መጣ። ትንፋሼን ያዝኩ።
ምንም።
ሌላ ጉድጓድ (ሐረጎ ጉድጓድ አያልቅበትም)
ምንም።

የደሴ መብራት ከላይ ብቅ ሲል ነው የገባኝ።
ለካ ሃያ ስምንት ሺህ ብር
በአንድ ሻሽ ይታሰራል።
ሳቄን ለቀቅኩት፣ ብቻዬን፣ መስኮት ከፍቼ፤
ጅብ ቢሰማኝ ዘመዱ መስዬው ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?
ይመር ዛሬም በሱቄ በር ሲያልፍ ቆም ይላል፦
«ድምጡ ጠፋ አይደል?»
«ጠፋ።»
«አላልኩሽም? ከፊት ነበር፤ ቆይቶ ነው የሚታወቅ።»
ከዚያ አንድ ኪሎ በርበሬ። በዱቤ።
«አብሽር» እለዋለሁ፣
ሚዛኑን በትንሿ ጣቴ
ነካ አድርጌ።