ቀለበቱ

ቅዳሜ ነው፣ ብቸና፤ ገበያው ገና ሳይደራ፣
ሽባባው ከደጄ ቆመ፣ ምንሽሩን ይዞ፣ ከልጁ ጋራ።
የልጁን ፊት በጋቢው ጥግ ሸፈነው፤
ቀጥቃጭ ነኛ! ዓይኔ እንዳይበላው ብሎ ነው።

«ሰርግ ላይ ሳትሁ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣
«ሦስቴ ተኩሼ፣ ቅሉ ባለበት ቆየ።
የቀለጠ ተኳሽ ነበርሁ፤ ዓይን ነው ያሳተህ አሉኝ።»
የማን ዓይን? እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ።

መዝጊያውን አውጥቼ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀናሁ፣
ያንን የሚፈሩትን ዓይኔን ከቀዳዳው አገናኘሁ።

ደግ በርሜል ውስጡ የብርሃን ቀለበት ነው፣
አንዱ ባንዱ ውስጥ፣ ክቡ ያልተዛነፈው።
የዚህ ግን ከመሃል ሲደርስ ያዘነብላል፤
እንደ ጎደለች ጨረቃ ባንድ ጎኑ ይወፍራል።
ሲበሱት መሰርሰሪያው ደንዝዞ ኖሮ ሸሽቷል፤
እርሳሱን የሚያሾረው ጥምዝም እዚህ ጠልቆ እዚያ ሳስቷል።

በሞርድ አይቀና፣ በመዶሻ አይመለስ።
እዚህ የፀጉር ስንጥቅ ናት፤
ክንድ ትሆናለች ቅሉ ጋ ስትደርስ።

«ዓይንህ አይደለም» አልሁት፣ «እጅህም አይደል፤ የ...»
ቀሪውን ዋጥሁት።

ባሕር ማዶ፣ ስሙን በማላውቀው ከተማ፣
አንድ ሠራተኛ፣ አመሻሽ ላይ፣ የመውጫ ደወል ሊሰማ
አንገቱን ሲያዞር ይሆናል ያመለጠው።
እሱም እንደኔ ብረት ነው እንጀራው፤
እሱን ግን ብቸና ላይ ማንም አልፈራው።

ሽባባው ብሩን ከእጄ ሳይሆን ከድንጋዩ ላይ አኖረው፤
ጋቢውን ከልጁ ፊት ገፈፈና በርሜሉን ሸፈነው።
አፍሮ ይሁን ረስቶ እንጃ።
ልጁ ግን፣ ገበያው እስኪውጣቸው፣
ዞሮ ዞሮ አየኝ።