የማይታይ ከብት

ይርሳው ከጅቡቲ፣ ሁለት ሌት ተጉዞ፣
ጎንደር ማታ ገባ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ጥቂት ባሕር ይዞ።
ወደ አምፖል ባነሣው አቧራ መሰለኝ፤
አቧራው ግን ዋኘ፣ በጭራው ጠቀሰኝ።

መብራቱን አጥፍቼ፣ ሞተሩን ዘግቼ፣
በድንጋዮቹ ሥር አሰማራኋቸው ትንፋሼን ገትቼ።

«ለሻይ ውኃ ጠፍቶ፣ ለማይታይ ከብት!»
አንጓች ጀሪካኗን ጣለች ደጃፉ ላይ፣ ቧንቧው ከደረቀ በዘጠነኛው ዕለት።

«ዓሣውስ?» አለችኝ።
«ይቆይ፤ እህል ሳይደርስ እንግዳ አይጠራም።»
ሁለት ወር ጠበቅሁኝ፤ አረንጓዴ ውኃ ጠብ ሳላደርግ አላድርም።

ትናንት ማራኪ መብራት ጠፋ።
አንጓች በስልኳ ብርሃን መስታወቱን ተጠግታ፣
ነጠብጣቡን ስትቆጥር ሰማኋት በሹክሹክታ፤
ሃያ ሦስት ላይ ተምታታባት።
«አትንቀሳቀሱ እንጂ!» አለች፣
እንደገና ጀመረች።