ማታ ያልተጻፈለት ቀን

መቁጠር ነው ሥራዬ። የጭነት ጸሐፊ፣
በመርከብ ሆድ ዕቃ ገቢና አላፊ፣
ጆንያ፣ በርሜል፣ ሣጥን፣ ስንት ሰዓት አለፈ፣
ስንት ሳንቲም ወጣ፣ ማን ከሥራ ሰነፈ።

ዐርብ ሲመሽ ደረስን ተሰሎንቄ ወደብ፣
ስንዴ ልናራግፍ፣ ትንባሆ ልንደርብ።
ካፒቴን ቶማዞ ሰዓቱን አወጣ፤
«ነገ በማለዳ ተሸካሚ ይምጣ፣
እሑድ ሳይነጋ ባሕር ላይ ነን» አለ።
እኔም በደብተሬ ጻፍኩ እንደተባለ።

ነጋ። ማንም የለም።
ክሬኑ አንገት ደፍቶ፣ ገመድ ተጠቅልሎ፣
ጋሪው እጀታውን መሬት ላይ ጥሎ፣
አንድ ነጭ ወፍ ብቻ ሚዛን ላይ ቁጭ ብሎ
ራሱን ሲመዝን።

የጉምሩኩ ዘበኛ ከበሩ ተደግፎ፣
«ምነው?» ብለው ሣቀ፣ ጢሙን አነጣጥፎ፤
«ጭነት አንሺው ሁሉ አይሁድ ነው፣ ጌታው፤
ዛሬ ዕቃ አይወርድም፣ አይነሣም ከቦታው።»
ካፒቴን ቶማዞ ፊቱ ደም መሰለ፤
«ሒድ! እጥፍ ስጣቸው፣ ሦስት እጥፍ!» አለ።

ወጣሁ ዳገት ዳገት፣ ብር በከረጢቴ፣
ሳንቲሙ ሲላተም ካረጀ ጉልበቴ።
ሸምቶቭ የሚሉትን የሸካሚ አለቃ፣
ማጅራቱን የላጠው የሀገር ሁሉ ዕቃ፣
አገኘሁት ቁጭ ብሎ በግቢው በለስ ሥር፣
ከትንሿ ልጁ ጋር ጉንዳን ሲመረምር።

ገንዘቡን ዘረጋሁ። አላየውም። አየኝ።
«ተቀመጥ» አለና ወንበር አስጠጋልኝ።
ሚስቱ ሬይና መጣች፣ በሳሕን እንቁላል፣
ከዐርብ ተዳፍኖ ረመጥ ያደረ፤ «ይበላል
አስቀድሞ» አለችኝ፣ «ንግዱ ይቆይሃል።»

«ዕረፍት የድካም ዋጋ፣ የላብ ደሞዝ አይደል?
እጥፉን ስከፍልህ ምንድን ነው 'ሚጎድል?»
አልኩት።
«አዳም መቼ ተፈጠረ?»
«ዐርብ።»
«ዐርብ ሊመሽ ሲል። ታዲያ ምን ተሸከመ?
አንዲት ድንጋይ አንሥቶ ወገቡ ታመመ?
ማረሻ ሳይጨብጥ፣ ሳይቆርጥ አንድ ቅጠል፣
የመጀመሪያው ጧት ሰንበት ነበር፤ ልብ በል።
ሳይደክም አረፈ። ሳይሠራ ተሰጠው።
ደሞዝ ቢሆን ኖሮ ባንተ ዋጋ ልሽጠው፤
ያልገዛሁትን ግን በስንት ልተምን?
እሱስ የደከመው ይመስልሃል? ምን
ያደክመዋል? ‹በቃ› አለ እንጂ።
ተራራ መጨመር ሲችል፣ መድገም ባሕር፣
እጁን ሰበሰበ፣ የሠራው እንዲያድር።
እኔ ሠላሳ ዓመት ስሸከም ኖሬያለሁ፤
ከ‹በቃ› የከበደ ጆንያ የት አይቻለሁ?»

ልጅቱ፣ ዱዱን፣ ቀና አለች ከጉንዳኗ፣
አፈር እንደነካው አፍንጫና ጣቷ፤
«ስድስቱ ቀን ሁሉ ማታና ጧት አለው፤
ሰባተኛው ብቻ ማታ አልተጻፈለት።»
«ረስቶት ነው?» አልኳት።
«አይ። በሩን ክፍት ተወው፣ እንድንገባበት።»

እኔ ሒሳብ ዘጊው፣ መስመር የማሰምር፣
ያልተዘጋ ቀን አለ ሲሉኝ በዚህች ምድር
ዝም አልኩ። ላጥኩት እንቁላሉን። ቡናማ ነው ልጡ፤
የሌሊቱም እሳት ቀስ ብሎ ደርሷል እውስጡ።

ብሩን ይዤ ወረድኩ። ካፒቴኑ ጮኸ፣
ባርኔጣውን ጣለ፣ ወዲያው ግን ደከመው።
እሳት ቆስቋሹ ሉካ ፊቱን ታጥቦ አየሁት፤
ሦስት ዓመት አብሬው፣
ቅንድቡ ቀይ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሦስት ኮከብ ሲወጣ ገመዱ ተፈታ፣
ሸምቶቭ መጣ ከነሰዎቹ፣ በሁካታ።
ብዕሬን አነሣሁ፤ ጆንያው ተራ ገባ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤
ከዚያ እጄ ቆመ።
ጆንያው ግን አለፈ፣ በሸምቶቭ ትከሻ፣
ሳይጻፍ።

እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ ጉዞ ሒሳብ
አንድ ጆንያ ይጎድለዋል።